ሁለት የሞለኪውል ካርታ ለማጣጣም፦ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ሥራ?

ከክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፒ (የቀዘቀዙ ሞለኪውሎችን በኤሌክትሮን ከሚያነሣው ዘዴ) የወጡ ሁለት ካርታዎች፣ ማለትም የሞለኪውልን ጥግግት የሚያሳዩ ባለ ሦስት አቅጣጫ ሳጥኖች፣ አንድ መስኮት ላይ ሲከፈቱ በራሳቸው የሚገጥሙት ከስንት አንዴ ነው። አንዱ በጎኑ ተኝቷል፣ ሌላው ተዘቅዝቋል፤ አንዳንዴም ሳጥኖቻቸው ጭራሽ አይነካኩም። ልዩነታቸውን ለማየትም ሆነ አንዱን ከሌላው ለመቀነስ፣ ወይም የፎሪየር ሼል ኮሪሌሽን (ሁለት ካርታዎች በየዝርዝሩ ደረጃ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳይ ኩርባ) ለማስላት መጀመሪያ ማጣጣም ግድ ነው። የሚፈለጉት ስድስት ቁጥሮች ናቸው፤ ሦስቱ ለዙረት፣ ሦስቱ ለሽግሽግ።

ስድስቱ ግን እኩል አያስቸግሩም። ዙረቱ አንዴ ከታወቀ ሽግሽጉ በአንድ የፎሪየር ስሌት ይገኛል። በየጎኑ 256 ቮክሰል (የሳጥኑ ትንሿ ኩብ) ባለው ሳጥን ውስጥ ያሉት 16.8 ሚሊዮን ገደማ የሽግሽግ አማራጮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመዘናሉ። ዙረት ግን በተለመዱት ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ይሞከራል። ስለዚህ ዘዴ መምረጥ ማለት በተግባር «ዙረቱን በምን ልፈልገው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ለቸኮለ አንባቢ መልሱ ይኸው። ካርታዎቹ ከአንድ ዳታ የወጡ ሆነው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከተለያዩ የቅርብ ማሻሻያ ይበቃል። አንዱ የእናንተ፣ ሌላው ከሕዝብ የካርታ ማከማቻ የወረደ ከሆነ ሙሉ ፍለጋ አድርጉ። ሁለቱም ውስጥ በደንብ የተገጠመ የአቶም ሞዴል ካለ ካርታውን ትታችሁ በሞዴሉ በኩል ሂዱ። ከሦስቱ የትኛውንም ብትመርጡ ግን በመጀመሪያ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ጨርሱ፤ «ፕሮግራሙ አልሠራም» ከሚባለው ውስጥ አብዛኛው ጥፋት የሚገኘው እዚያ ነውና።

መጀመሪያ ማዕከሉንና የፒክሰሉን መጠን

ሽግሽግ የሚባለው ቁጥር የመዞሪያው ማዕከል ካልተነገረ ትርጉም የለውም። አንዱ ፕሮግራም የሚያዞረው በሳጥኑ መሃል ነው፤ የካርታ መገንቢያዎቹ ሬሊዮንና ኢማን2 እንደዚህ ናቸው። የሞለኪውል ማሳያው ፕሮግራም ካይሜራኤክስ የሚሰጠው የዙረትና የሽግሽግ ማትሪክስ (የቁጥር ሠንጠረዥ) ደግሞ በኮኦርዲኔቱ ዜሮ ነጥብ ዙሪያ የተጻፈ ነው። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ሳጥኑ 256 ቮክሰል፣ ፒክሰሉ (የቮክሰሉ ጎን) 1 አንግስትሮም፣ ማለትም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ፣ ይሁንና ካርታውን በዜድ ዘንግ 10 ዲግሪ በሳጥኑ መሃል አዙሩት እንበል፤ ሽግሽጉ ዜሮ ነው። ይኸው እንቅስቃሴ በዜሮ ነጥብ ዙሪያ ሲጻፍ በኤክስ 24.2፣ በዋይ ደግሞ ከዜሮ በታች 20.3 አንግስትሮም ሽግሽግ ይወጣዋል። ዙረቱ 90 ዲግሪ ቢሆን በኤክስ ብቻ 256 አንግስትሮም ይሆናል። ካርታው አንድ፣ እንቅስቃሴው አንድ፣ ቁጥሩ ግን ሰማይና ምድር ነው።

ከአንዱ ወደ ሌላው ለመቀየር ስሌቱ ቀላል ነው፦ የማዕከሉን ኮኦርዲኔት ውሰዱ፣ ማዕከሉ በዙረት ማትሪክሱ ተባዝቶ የሚሰጠውን ቀንሱለት፣ በማዕከሉ ዙሪያ የተሰላውን ሽግሽግ ደምሩበት። ቅደም ተከተሉንም አጣሩ። «አዙሮ ማሸጋሸግ» እና «አሸጋሽጎ ማዞር» የተለያየ ቦታ ያደርሳሉ፤ በሁለተኛው ላይ ሽግሽጉ ራሱ ይዞራል።

ሌላው መሰናክል የግማሽ ፒክሰል ጉዳይ ነው። ጎኑ 256 የሆነ ሳጥን ማዕከሉ ከዜሮ ሲቆጠር 128ኛው ቮክሰል ነው፤ አብዛኞቹ የክራዮ ፕሮግራሞች ይህንን ይይዛሉ። በራሳችሁ ስክሪፕት 127.5 ብትሉት በ180 ዲግሪ ዙረት ካርታው ከዘንጉ ጎን በሚሄድበት በየአቅጣጫው አንድ ሙሉ ፒክሰል ይሸሻል። ለዓይን አይታይም፤ የሪዞሉሽን ኩርባው ላይ ግን ይታያል።

የኤምአርሲ ፋይል (የተለመደው የካርታ ፋይል ዓይነት) ራስጌ 1024 ባይት ሲሆን የካርታው መነሻ ሁለት ቦታ ሊጻፍበት ይችላል፦ አንዴ በቮክሰል ቁጥር እንደ ግሪዱ መጀመሪያ፣ አንዴ በአንግስትሮም እንደ ኦሪጂን። ሁሉም ፕሮግራም ሁለቱን እኩል አያነብም። በአንዱ ተገጥሞ የታየ ካርታና ሞዴል በሌላው ሲከፈት በመቶዎች አንግስትሮም ተራርቆ ከተገኘ ወደ ፍለጋ ከመግባታችሁ በፊት ራስጌውን ተመልከቱ።

የፒክሰሉ መጠን ከተሳሳተ ደግሞ ማንኛውም ዙረትና ሽግሽግ አያድነውም። 2 በመቶ ስህተት ከማዕከሉ 100 አንግስትሮም ርቆ በሚገኝ ቦታ ላይ 2 አንግስትሮም ያፋልሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መሃሉ ገጥሞ ዳር ዳሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ይሸሻል። የአንዱን ካርታ የቮክሰል መጠን በ0.005 አንግስትሮም ልዩነት እየቀያየራችሁ በየጊዜው እንደገና አስገጥሙ፤ ኮሪሌሽኑ (የሁለቱ ካርታዎች የመመሳሰል ቁጥር) ከፍ የሚልበትን መጠን ያዙ። ሲቀነስ ሁልጊዜ ከፍ እያለ የሚሄድ ከሆነ መነሻችሁ ሩቅ ነው፤ ከማይክሮስኮፑ መለኪያ ጀምሩ።

የቅርብ ማሻሻያ ወይስ ሙሉ ፍለጋ?

የቅርብ ማሻሻያ ካለበት ቦታ ተነሥቶ ኮሪሌሽኑ ወደሚጨምርበት አቅጣጫ በትንንሽ እርምጃ ይወጣል። በካይሜራኤክስ ይህ «ፊት ኢን ማፕ» የሚባለው መስኮት ወይም «ፊትማፕ» የሚለው ትእዛዝ ነው። በሰከንዶች ያልቃል። ድክመቱ ያገኘው ኮረብታ ጫፍ ላይ መቆሙ ነው፤ ከጎኑ ተራራ ቢኖር አያውቅም።

ምን ያህል ሩቅ ሆኖ መነሣት ይችላል? ግምቱ ከካርታው ዝርዝርና ከሞለኪውሉ ስፋት ይወጣል። ራዲየሱ 100 አንግስትሮም የሆነ ሞለኪውል አንድ ዲግሪ ሲዞር ዳሩ 1.75 አንግስትሮም ይሄዳል። በ3 አንግስትሮም ዝርዝር ላይ የምትፈልጉ ከሆነ ሁለት ዲግሪ እንኳ ዳሩን ከትክክለኛው ዝርዝር ወደ ጎረቤቱ ያሳስታል። ካርታውን ወደ 20 አንግስትሮም ብታለሰልሱት ግን ወደ 11 ዲግሪ ገደማ ርቀት ይፈቀድላችኋል። ስለዚህ ሁለቱን ካርታ በስታንዳርድ ዲቪኤሽን 5 አንግስትሮም በሆነ የጋውስ ማጣሪያ አለስልሱ፤ የ10 አንግስትሮም ዝርዝር ከ1 በመቶ በታች ይቀራል። በለስላሳው አስገጥሙ፣ የተገኘውን ቦታ ለዋናው ካርታ ስጡት፣ ከዚያ በዋናው አንድ ጊዜ ድገሙ። ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ መምከር ቢፈቀድ ይህን እንመክራለን።

የሚታየውን ቁጥር ስታነቡም ጥንቃቄ ያሻል። አማካዩ ያልተቀነሰበት ኮሪሌሽን ከፍ ያለ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ክልል እኩል የተበተኑ፣ እርስ በርስ ምንም የማይገናኙ ሁለት የቁጥር ስብስቦች በዚህ መለኪያ 0.75 ያመጣሉ። አማካዩ ሲቀነስ ወደ ዜሮ ይወርዳሉ። ስለዚህ ለመወሰን አማካዩን የሚቀንሰውን መለኪያ ምረጡ። በተጨማሪም ካይሜራኤክስ ሌላ ካልታዘዘ የሚያሰላው በሚንቀሳቀሰው ካርታ ውስጥ ከኮንቱር ደረጃው (ካርታው በመስኮቱ መታየት ከሚጀምርበት የጥግግት ልክ) በላይ ባሉት ነጥቦች ላይ ነው። የዚህን ደረጃ ተንሸራታች ዝቅ ካደረጋችሁ ኖይዙ ሁሉ ይገባል፤ ከፍ ካደረጋችሁት ጥቂት ጠንካራ ነጥቦች ብቻ ይፈርዳሉ። ሁለት ሙከራ ስታወዳድሩ የኮንቱር ደረጃው አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ የምታወዳድሩት ተንሸራታቹን ነው።

ሙሉ ፍለጋ መነሻ አይጠይቅም፤ ዋጋው ግን ከዙረቱ ልክ ጋር ይንራል። የዙረትን ዓለም በ15 ዲግሪ ልዩነት ለመሸፈን 4,400 ገደማ አቀማመጥ ይበቃል። በ5 ዲግሪ ከሆነ 119 ሺህ ገደማ ያስፈልጋል። ልዩነቱ በግማሽ ሲቀንስ ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራም በጥልቀት ከመሄዱ በፊት በስፋት ያያል። የኢማን2 የዛፍ ፍለጋ ካርታውን አሳንሶ ይጀምርና ጥሩ የመጡትን ብቻ ይዞ ወደ ዝርዝር ይወርዳል። ሳይተስ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በየዙረቱ ሁሉንም ሽግሽግ በፎሪየር ይመዝናል፤ የካርታው ሪዞሉሽን ዝቅተኛ ሲሆን ጠርዝ የሚያጎላ የላፕላስ ማጣሪያ መጠቀሙ የራሱ መለያ ነው።

የካይሜራኤክስ ፍለጋ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ካርታውን በዘፈቀደ አቀማመጥ ደጋግሞ ይጥልና ከእያንዳንዱ የቅርብ ማሻሻያ ያደርጋል። ስንት ጊዜ ይጣል? የካርታዎቹ መሃል ገጥሞ የቅርብ ማሻሻያው ከ30 ዲግሪ ርቀት መድረስ የሚችል ከሆነ አንድ ውርወራ የመሳካት ዕድሉ 0.75 በመቶ ብቻ ነው። 100 ውርወራ 53 በመቶ፣ 500 ውርወራ ወደ 98 በመቶ ያደርሰዋል። የመድረሻ ርቀቱ 15 ዲግሪ ከሆነ ግን 500 ውርወራም 38 በመቶ ብቻ ነው። «መቶ ጊዜ ሞክሬ አልተገኘም» የሚለው አቤቱታ እንግዲህ ብዙም አያስደንቅም። ውርወራውን ከመጨመር በፊት ካርታውን አለስልሱ፤ የሁለቱን ጥግግት ማዕከል አጋጥሙና ፍለጋው ቦታውን ትቶ ዙረቱን ብቻ እንዲያቀያይር እዘዙት።

ውጤቱን ስታዩ አንደኛውን ቁጥር ብቻ አትመልከቱ፤ ከሁለተኛው ጋር ያለውን ክፍተት እዩ። የኮሮና ቫይረስ ስፓይክ ፕሮቲን ጥሩ ምሳሌ ነው። ሦስት ተመሳሳይ ሰንሰለቶች አሉት፤ በ2020 በ3.46 አንግስትሮም በታተመው ካርታ ግን ከሦስቱ የተቀባይ ማሰሪያ ክፍሎች አንዱ ብቻ ወደ ላይ ተነሥቷል። እንዲህ ያሉ ሁለት ካርታዎች ሲጣጣሙ በ120 ዲግሪ የሚለያዩ ሦስት መልሶች ይወጣሉ፤ ኮሪሌሽናቸውም እጅግ ተቀራራቢ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው አካል በሦስቱም ይገጥማል። ትክክለኛው አንድ ብቻ ነው። ሦስቱንም አስቀምጡ፤ ከዚያ በላይኛው ክፍል ዙሪያ ብቻ ማስክ (የተመረጠውን ቦታ ብቻ የሚያስቀር ሽፋን) ሠርታችሁ ለእያንዳንዱ ኮሪሌሽኑን እንደገና ለኩ። ያኔ ልዩነቱ አፍጥጦ ይወጣል።

ሲሜትሪው እውነተኛ ከሆነ ችግር የለም፣ ምርጫ እንጂ። አፖፌሪቲን የተባለው ፕሮቲን 24 እኩል መልሶች አሉት፤ የ20ኤስ ፕሮቲአሶም የተባለው ደግሞ 14። ከእነሱ ውስጥ ትንሹን ዙረት ምረጡ፤ ካርታው ከነበረበት ብዙም ሳይርቅ ይቆያል። ፍላጎታችሁ የሲሜትሪውን ዘንግ ከሳጥኑ ዘንግ ጋር ማስማማት ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ካርታም አያስፈልግ፤ ሬሊዮን ለዚሁ የተሠራ የሲሜትሪ ማጣጣሚያ ትእዛዝ አለው።

በአቶም ሞዴል በኩል

ሁለቱም ካርታ ሞዴል ካላቸው ሞዴል በሞዴል ላይ አስገጥሙ፤ በካይሜራኤክስ «ማችሜከር» ይባላል። የተገኘውን ማትሪክስ ለካርታው ስጡት። ይህ መንገድ ከኖይዝና ከኮንቱር ደረጃ ነፃ ነው፤ የትኛው ሰንሰለት ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር እናንተ ስለምትወስኑም የስፓይኩ ዓይነት ግራ መጋባት አይኖርም። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ማችሜከር የማይገጥሙትን የአሚኖ አሲድ ጥንዶች እየጣለ ስለሚሄድ የሚያሳየው ትንሽ ርቀት የቀሩትን ብቻ ይመለከታል፤ የሁሉንም ጥንድ ርቀትም አብሮ ስለሚጽፍ ያንን አንብቡ። ሁለተኛ፣ ሞዴሉ ለካርታው ያለው ቅርበት ራሱ ስህተት አለበት። ለእይታ ይበቃል፤ አንዱን ካርታ ከሌላው ለመቀነስ ከሆነ ግን መጨረሻ ላይ በካርታ የቅርብ ማሻሻያ ጨምሩበት።

ሙሉውን ወይስ ክፍሉን?

የሚንቀሳቀስ ክፍል ያለው ሞለኪውል ላይ ሙሉ ለሙሉ ማጣጣም ይዋሻል። የባክቴሪያ ራይቦዞምን እንውሰድ። በ2000 ጆአኪም ፍራንክና ራጄንድራ አግራዋል እንዳሳዩት ትንሹ የ30ኤስ ክፍል ከትልቁ የ50ኤስ ክፍል አንጻር ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ሁለቱን ሁኔታዎች በሙሉ ካርታ ካጣጣማችሁ ስሌቱ ስህተቱን ለሁለቱም ያከፋፍላል፤ 50ኤሱ ሳይዞር ትንሽ የዞረ ይመስላል፣ የ30ኤሱ ዙረት ደግሞ ከእውነተኛው ያንሳል። ከዚያ የሚወጣው የልዩነት ካርታ በሁሉም ቦታ አዎንታዊና አሉታዊ ጥንድ ጥላ ይሞላበታል።

ትክክለኛው አካሄድ መጀመሪያ የ50ኤሱን ብቻ ቆርጦ በእሱ ማጣጣም ነው። ከዚያ ከዚሁ ቦታ ተነሥቶ የ30ኤሱን ቁራጭ ለብቻው በሁለተኛው ካርታ 30ኤስ ላይ ማስገጠም። የካይሜራኤክስ የዙረት መለኪያ ትእዛዝ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውን ዘንግ፣ ማዕዘንና በዘንጉ ላይ ያለውን ሽግሽግ ያትማል፤ ባዮሎጂያዊው መልስ እሱ ነው። ማስኩ ጠርዙ ለስላሳ ይሁን፣ ከ5 እስከ 6 ቮክሰል ድረስ እየደበዘዘ የሚያልቅ። ሁለቱንም ካርታ በአንድ ስለታም ማስክ ከቆረጣችሁ ፕሮግራሙ ጠርዝን ከጠርዝ ያጣጥምና ምንም እንዳልተንቀሳቀሰ ይነግራችኋል። አንዱን ብቻ ቁረጡ።

ዞሮ የማይገጥም ካርታ

ሁሉ ነገር ተሞክሮ ኮሪሌሽኑ መካከለኛ ደረጃ ላይ ከቆመ፣ ቅርጹም ለዓይን «ሊገጥም ምንም አልቀረው» ካሰኘ የእጅ ወገኑን ጠርጥሩ። ግራ እጅን ምንም ያህል ቢያዞሩት ቀኝ አይሆንም። ከባዶ የተገነባ ካርታ ግራም ቀኝም ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ የምስሎቹ ትንበያ ሁለቱን አይለይም። ካርታውን በአንድ ዘንግ ገልብጡና ፍለጋውን በሁለቱም ላይ እኩል አካሂዱ። ከ10 አንግስትሮም የከፋ ሪዞሉሽን ላይ ልዩነቱ ደካማ ነው። አልፋ ሄሊክሶቹ (የፕሮቲኑ ጥምዝማዛ ክፍሎች) በሚነበቡበት ደረጃ ግን ቀኝ ዘወር መሆናቸውን በዓይን ማየት ይበቃል። በራሳችሁ ስክሪፕት ያገኛችሁት ማትሪክስ ዲተርሚናንቱ ከዜሮ በታች 1 ከሆነም ዙረት ሳይሆን መስታወት ነው የያዛችሁት። ሲገለበጥ ዜሮ ወደ 255 የሚሄድበት አሠራር ከ128 ማዕከል አንጻር አንድ ፒክሰል ስለሚያዛንፍ ከግልበጣ በኋላ ማጣጣሙን ድገሙ።

ማዕዘን፣ ማትሪክስ ወይስ ኳተርኒየን?

ለማስቀመጥ ማትሪክስ፣ የብዙ ዙረቶችን አማካይ ለማውጣት ኳተርኒየን (ዙረትን በአራት ቁጥር የሚጽፍ)፣ የኦይለር ማዕዘኖችን (ዙረትን በሦስት ተከታታይ ማዕዘኖች የሚጽፉ) ደግሞ ፕሮግራሙ ሲጠይቅ ብቻ። ሬሊዮን የሚጠቀመው የዜድ-ዋይ-ዜድ ቅደም ተከተል ነው፤ ኢማን2 የዜድ-ኤክስ-ዜድ። ሦስቱን ቁጥሮች ከአንዱ ገልብጦ ለሌላው መስጠት ፍጹም የማይገናኝ አቀማመጥ ያመጣል። በአንዱ ውስጥ እንኳ ቁጥሮቹ ያታልላሉ፤ የሬሊዮን ሦስት ማዕዘኖች ሮት፣ ቲልትና ፕሳይ ይባላሉ፦ ቲልት ዜሮ ሲሆን ሮት 30 እና ፕሳይ 40፣ ከሮት 70 እና ፕሳይ 0 ጋር አንድ ዙረት ናቸው። ሁለት ዙረቶች ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማወቅ የአንዱን ማትሪክስ በሌላው ትራንስፖዝ (ረድፍና ዓምዱ ተለዋውጦ) አባዙ፤ ከውጤቱ የዲያጎናል ድምር 1 ቀንሱና ለ2 አካፍሉ፤ የማዕዘኑ ኮሳይን ይህ ነው።

ቦታውን ማስቀመጥ ወይስ ካርታውን እንደገና መጻፍ?

ካይሜራኤክስ ላይ ያንቀሳቀሳችሁትን ካርታ እንዲሁ በኤምአርሲ ብታስቀምጡት እንቅስቃሴው አብሮ አይሄድም፤ ፋይሉ ሲከፈት ካርታው የድሮ ቦታው ላይ ነው። ለእይታ ብቻ ከሆነ የሥራ ክፍለ ጊዜውን ማስቀመጥ ይበቃል። ካርታው ወደ ሌላ ፕሮግራም ከሄደ ግን በማጣቀሻው ግሪድ ላይ እንደገና መጻፍ አለበት፤ ይህ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። የተለመደው ትሪሊኒየር ስሌት (ከዙሪያው ስምንት ነጥቦች የሚገምተው) አዲሱ ነጥብ በሁለት አሮጌ ነጥቦች መሃል ሲወድቅ አራት ፒክሰል የሚረዝመውን ዝርዝር በየዘንጉ ወደ 71 በመቶ ያወርደዋል። ካርታውን አስቀድማችሁ በፎሪየር ወደ ግማሽ ፒክሰል ብታሰፉት ያው ዝርዝር 92 በመቶ ይቆያል። በሙሉ ፒክሰል ብቻ ማሸጋሸግ ወይም በ90 ዲግሪ ብዜት ማዞር ምንም አያጠፋም። የፒክሰል ክፍልፋይ ሽግሽግም በፎሪየር ፌዝ ከተሠራ ዝርዝሩን አያደበዝዝም።

ስለዚህ በየደረጃው እየጻፋችሁ አትሂዱ። ማትሪክሶቹን አባዝታችሁ አንድ አድርጉና ካርታውን አንድ ጊዜ ብቻ ጻፉ፤ ሁለቱንም ግማሽ ካርታዎች (ከዳታው ሁለት ግማሾች ለየብቻ የተገነቡትን) በዚያው በአንዱ ማትሪክስ አንቀሳቅሱ። የቅንጣቶቹ (የነጠላ ሞለኪውሎቹ) ምስሎች በእጃችሁ ካሉ የተሻለ ምርጫ አለ፦ ክራዮስፓርክ የተባለው ፕሮግራም ካርታዎችን ሲያጣጥም የቅንጣቶቹንም አቀማመጥ አብሮ ማስተካከል ይችላል፤ ከዚያ ካርታውን ከምስሎቹ እንደገና መገንባት ነው፣ በግሪድ መሃል መገመት የለም።

ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚበቃ ለመወሰን ይህ ስሌት ይረዳል። ሁለት ፍጹም አንድ የሆኑ ካርታዎች በ0.5 አንግስትሮም ብቻ ቢዛነፉ የፎሪየር ሼል ኮሪሌሽናቸው በ3 አንግስትሮም ላይ ከ1 ወደ 0.83 ይወርዳል። በ1 አንግስትሮም ቢዛነፉ 0.41 ይሆናል፤ በ1.5 አንግስትሮም ዜሮ። በ10 አንግስትሮም ላይ ግን ያው የ1.5 መዛነፍ 0.86 ያቆየዋል። ለሥዕል የሚበቃው ማጣጣም ለኩርባ ላይበቃ ይችላል፤ የኩርባው መውደቅ ከፍ ባለው ዝርዝር ላይ ብቻ ከሆነና ዝቅተኛው ካልተነካ የካርታውን ጥራት ከመክሰሳችሁ በፊት በዋናው ካርታ ላይ የቅርብ ማሻሻያውን አንድ ጊዜ ድገሙ።